ድንች በወተት እንዴት እንደሚጋገር

አንድን ሥራ በቃል ማስረዳት ሥራውን ራሱን ከመሥራት የሚከብድበት ጊዜ አለ። ወጥ የምትሠራ እናት ሴት ልጇን «ጨው ጣል አድርጊበት፣ ቅቤ ጠብ አድርጊበት፣ ሲበቃው አውርጂው» ብላ ብታዝዛት ነገሩ ለእናቲቱ ፍጹም ግልጽ ነው። ልጅቱ ግን ስንት ጨው? ምን ያህል ቅቤ? ደግሞስ የሚበቃው መቼ ነው? ብላ መጠየቋ አይቀርም። መልሱን ያላገኘች እንደ ሆነ ትእዛዙን በቃሏ ትይዛለች፤ ድስቱ፣ እሳቱ ወይም አገሩ በተለወጠ ቀን ግን የያዘችው ቃል አይረዳትም። ስለዚህ አንድን አሠራር የሚገልጽ ጸሐፊ «እንዲህ አድርጉ» ከማለቱ ጋር «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል መርሳት የለበትም። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ፓትራ ድንች ነው።

ምግቡ ውስብስብ አይደለም። ድንች ተልጦ በስሱ ይከተፋል፤ በወተትና በስልባቦት ይርሳል፤ በፓትራ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ ከላዩ ፎርማጆ ተፈግፍጎ ይነሰነስበትና ከላይም ከታችም በሚመጣ ሙቀት ይጋገራል። በደንብ የተጋገረ እንደ ሆነ ላዩ ወርቅማ ቅርፊት ያወጣል፤ ውስጡ ግን ወተቱና ድንቹ አንድ የሆኑበት፣ ማንኪያ ሲነካው የሚከፈል ልስልስ ምግብ ይሆናል። ፈረንሳዮች በደቡብ ምሥራቅ አገራቸው በምትገኘው በዶፊኔ ምድር ስም ይጠሩታል። ፒያሳ አጠገብ ቤት ያከራዩኝ እናት ግን «ድንች አልፎርኖ» ይሉት ነበር። የጣሊያን ምግብ የሚሠሩ ቤቶች በምድጃ የተጋገረውን ፓስታ «ፓስታ አልፎርኖ» ስለሚሉት፣ እርሳቸውም ስሙን ከፓስታው ለድንቹ አውርሰውት ነው። በወጣትነታቸው በአንድ ጣሊያናዊ ቤተ ሰብ ማድ ቤት ውስጥ ሠርተው ነበርና በዚህ ረገድ የሚናገሩትን ያውቁ ነበር።

እንዲህ ያለ ምግብ በአራዳ ቤቶች ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ ለሚል ሰው መልሱ በሠፈሩ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አራዳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ጊዜ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ እንዲሰፍር ተደረገ፤ የቀድሞው የገበያ ሠፈርም ፒያሳ የሚለውን ስም አገኘ። ሁለቱም ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው፤ «ፒያሳ» አደባባይ፣ «መርካቶ» ደግሞ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ አብረውት አልወጡም። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳልሳ፣ ፎርማጆ በየቤቱ ቀሩ።

ከእነዚህ ቃላት መካከል ለቋንቋ ተማሪ ከሁሉ የሚያስገርመው «ፉርኖ» ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ የሚጋገርበት ምድጃ ማለት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አማርኛ ግን ትርጉሙ ከምድጃው ወደ ዳቦው ተሻግሯል። «ፉርኖ ግዛ» ተብሎ የተላከ ልጅ ምድጃ ተሸክሞ አይመጣም። የከሰል ማንደጃችን «ፈርኔሎ» ደግሞ የዚያው ቃል ማሳነሻ ነው፤ ትንሽ ምድጃ እንደ ማለት ነው። አንባቢው እነዚህን ሁለት ቃላት በልቡ ይያዛቸው፤ ምግቡን በመጨረሻ የምንጋግረው በአንደኛው ወይም በሌላው ነውና።

ድንቹ ግን የጣሊያን ስጦታ አይደለም። ተክሉ መጀመሪያ የለማው በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዴስ ተራሮች ሲሆን፣ በዐሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት እስጳኞች ወደ አውሮፓ አመጡት። ወደ አገራችን ያስገባው በአድዋ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 መሆኑ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ በጤፍና በገብስ ዕድሜ ሲለካ ድንች ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ቢሆንም በአልጫው፣ በቅቅሉ፣ በሥጋ ወጡ ውስጥ እንደ ቤተኛ ገብቶ ተቀምጧል።

በዚያ ዘመን ድንቹን የምንገዛው ፒያሳ ከነበረው አትክልት ተራ ነበር። አከራዬ ድንች ሲመርጡ አይቸኩሉም፤ እያንዳንዱን በእጃቸው አገላብጠው ያያሉ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርምም አይሰሙትም። መጀመሪያ የሚፈልጉት አረንጓዴ ቀለም ነው። ድንች ለብርሃን ተጋልጦ ሲቆይ ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ራሱ የቅጠል ሁሉ ቀለም ስለ ሆነ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም ድንቹ ብርሃን ላይ መቆየቱን የሚናገር ምስክር ነው። በዚያው ጊዜ ከልጣጩ ሥር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ይበዛል። ሶላኒን ሆድ ያማል፣ ያስታውካል፤ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። ስለዚህ ጥቂት ብቻ አረንጓዴ የነካውን ክፍል ጠልቆ ቆርጦ መጣል፣ በብዙ የነካውን ግን እንዳለ መተው ይገባል። ጉንቁል ያወጣ ድንችም ዓይኑ ተፈንቅሎ መውጣት አለበት፤ መርዙ በጉንቁሉ ውስጥም ይገኛልና። ድንች ገዝቶ በመስኮት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ገንዘቡን ወደ መርዝ እየለወጠ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የድንቹ ዓይነት ነው። በሆለታ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል ጃለኔ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ለገበሬ ተለቀዋል። ነገር ግን ገዢው ፊት ድንቹ ስሙን ጽፎ አይቀርብም። አንዳንዱ ድንች ሲበስል የሚፈረካከስ ዱቄታም ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቢበስልም ቅርጹን ይዞ የሚቆይ እርጥብና ጠንካራ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። አንድ እጅ ጨው በዐሥራ አንድ እጅ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ድንቹ ይጨመርበታል። ዱቄታሙ ክብደቱ ከጨው ውኃው ስለሚበልጥ ይሰምጣል፤ እርጥቡ ይንሳፈፋል። ለዚህ ምግብ ዱቄታሙ ወተቱን ያወፍራል፣ እርጥቡ ደግሞ ሳይፈርስ ይቆማል። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ እሠራለሁ፤ አከራዬ ግን ዱቄታሙን ብቻ ይመርጡ ነበር፤ በዚህ ተስማምተን አናውቅም።

አሁን ወደ ቢላዋው እንመጣለን። ድንቹ በቁሙ እንዳለ ታጥቦ ይላጣል፤ ከተላጠም በኋላ እንደ ገና በቁሙ ይለቀለቃል። ከዚያም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ሆኖ ይከተፋል። ይህ ልክ በማስመሪያችሁ ላይ የሦስት ትንንሽ መስመሮች ስፋት መሆኑን አስተውሉ። ስስነቱ ብቻ ሳይሆን እኩልነቱም ያስፈልጋል። ሙቀት ወደ ድንቹ መካከል የሚደርሰው ከዳር ተነሥቶ ቀስ እያለ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ስስ፣ ሌላው ወፍራም የሆነ እንደ ሆነ ስሱ ሲንኮታኮት ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። አንድ ፓትራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምግብ ይሆናል ማለት ነው።

ከተከተፈ በኋላ ግን ድንቹ ፈጽሞ አይታጠብም። ይህ አንቀጽ ከአገራችን ልማድ ጋር ይጋጫልና ጥቂት ልቆይበት። እናቶቻችን የተከተፈ ድንች ውኃ ውስጥ የሚነክሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የተቆረጠ ድንች አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ውኃው ይህን ይከለክላል። የሚጠበስም ድንች እንደ ሆነ መታጠቡ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይረዳዋል። በወተት ለሚጋገር ድንች ግን የሚፈለገው ያው መጣበቁ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ የፋሲካ ሰሞን አራት የትምህርት ቤት ባልደረቦቼን ለምሳ ጋበዝሁ። አሠራሩን ያገኘሁት ከተዋስሁት የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ በጥንቃቄ ፈጸምሁ፤ ከራሴ የጨመርሁት አንድ ነገር ቢኖር የተከተፈውን ድንች ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ሦስት ጊዜ ማጠቤ ነው። በንጽሕናዬ ኮራሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጋግሮ ሲወጣ ላዩ ያማረ ነበር። ማንኪያዬን ሳስገባ ግን ከሥሩ ወተቱ ወደ አይብና አጓት ተለያይቶ ተገኘ፤ ድንቹም በአጓቱ ውስጥ ይዋኛል፤ ሲነከስ እንደ ጥሬ ካሮት ይጮኻል። እንግዶቹ ጨዋዎች ስለ ነበሩ ዝም ብለው በሉ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ «ለጥርስ ጥሩ ነው» አለ። እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳኋትም።

አከራዬ ማምሻውን የተረፈውን ፓትራ አዘንብለው አጓቱን አዩና ድንቹን ስንት ጊዜ እንዳጠብሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ልጄ፣ አንደኛው እጥበት አፈሩን ወሰደ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን መረቁን ነው የወሰዱት» አሉኝ።

እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። ድንች ሲከተፍ ቢላዋውን የሚያለብሰው ነጭ ውኃማ ነገር ስታርች ይባላል። ስታርች በጥቃቅን እንክብሎች መልክ ያለ ሲሆን፣ በፈሳሽ ውስጥ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ፈሳሹን እየመጠጠ ያብጣል። አጥሚት ሲሠራ የቆመ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል፤ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዝም ብሎ ይዘቅጣል፣ ሲሞቅ ግን በድንገት ውኃው ራሱ ይወፍራል። በድንቹ ላይ ያለው ስታርች ወተቱን እንዲሁ አጥሚት ያደርገዋል። ይህ ብቻም አይደለም። የወፈረው ወተት እንደ ቀጭኑ ወተት በቀላሉ አይለያይም፤ ያበጠው ስታርች በወተቱ ክፍሎች መካከል እየገባ እንዳይጓጉሉ ይከላከላልና። ስለዚህ እኔ ያፈሰስሁት ነጭ ውኃ የምግቡ ማያያዣና የወተቱ ጠባቂ ነበር።

ድንቹ ጥሬ የቀረበትን ምክንያት ግን አከራዬ አልነገሩኝም፤ እርሳቸው ሁልጊዜ ድንቹን በወተት ለጥቂት ጊዜ አፍልተው ከዚያ ስለሚጋግሩት ችግሩ ገጥሟቸው አያውቅም። ምክንያቱን ያገኘልኝ ያ ስለ ጥርስ የተናገረው ባልደረባዬ ነው። የፊዚክስ መምህር ነበር። በማግሥቱ ከቤተ ሙከራው ቴርሞሜትር አምጥቶ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አስገባና «አንብብ» አለኝ። 92 ይላል። እንደ ገና እሳቱን ጨመርን፤ ውኃው ተንተከተከ እንጂ ከ92 አላለፈም። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ ስንት ጊዜ በቃሌ ወጥቼዋለሁ! ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው እውነት ነው። የሚፈላ ውኃ በላዩ ያለውን አየር ገፍቶ መውጣት አለበት፤ ከፍ ወዳለ አገር በተወጣ ቁጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ስለዚህ ስምንት ዲግሪ ጎደለ። ድሬዳዋ ላይ ወደ 96፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 91 ይሆናል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ብዙ እንጨት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንባቢው «ምድጃው 180 ዲግሪ የሞቀ ከሆነ ይህ ምን ያገባዋል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምድጃው ምንም ያህል ቢሞቅ ድንቹ በወተት ውስጥ እስከ ተዘፈቀ ድረስ ሙቀቱ ከወተቱ መፍያ አያልፍም። ከ92 ዲግሪ በላይ መሞቅ የሚችለው ወተቱ ያልሸፈነው፣ የደረቀው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ላዩ ሲቀላ ውስጡ ጥሬ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዓይኔ የፈረደው ላዩን አይቶ ነበር። መጽሐፉ አልዋሸም። የተጻፈው ግን ለሌላ አገር ውኃ ነው።

ከእንግዲህ ወደ አሠራሩ በልብ ሙሉ እንግባ። ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ ሁለት የቡና ሲኒ ስልባቦት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከግማሽ ጨው፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም ያህል ፎርማጆ፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና በቢላዋ ጫፍ የሚነሣ የተፈጨ ገውዝ ይበቃል። ገውዝ ከዚህ ቢበዛ ምግቡን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ስልባቦት የሚባለው የተፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚሰፍረው ስብ ነው፤ ከሁለት ቀን ወተት ላይ ቢለቀም የሚፈለገውን ያህል ይገኛል። የሱቅ ክሬም ያለው በእርሱ ቢጠቀም ያው ነው። ስልባቦቱ ለጣዕም ብቻ አይገባም፤ ስብ የበዛበት ወተት በሙቀት የመለያየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ምግቡ ወተትና ቅቤ ስላለበት የፍስክ ነው። በጾም ወራት ቅቤውን በዘይት፣ ወተቱን በሽንኩርት መረቅ እየለወጡ የሚሠሩ አሉ፤ ጥሩ ምግብ ይወጣዋል፣ ይህኛው ምግብ ግን አይደለም።

ወተቱ በቅድሚያ ለብቻው ይፈላል። ጥሬ ወተት ካልተፈላ የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችን በሽታዎች ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማፍላቱ በማናቸውም መንገድ ግዴታ ነው። ለዚህ ምግብ ደግሞ ሁለተኛ ጥቅም አለው። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ምላስ ሳያውቀው በሙቀት ወደ አይብና አጓት ይለያያል፤ የሚለያይ ከሆነ ድንቹ ሳይገባበት በትንሽ ድስት ውስጥ ይለያይና አይቡን በልተን ሌላ ወተት እንገዛለን። ቲማቲም ወይም ሎሚ በዚህ ምግብ አጠገብ የማይደርሰውም ኮምጣጣነታቸው ይህንኑ ጥፋት ስለሚያመጣ ነው።

ወተቱ ሲፈላ ስልባቦቱ፣ ጨውና ቅመሙ ይጨመሩበታል፤ ያልታጠበው የድንች ክትፍም ይገባበታል። እሳቱ ቀንሶ፣ በእንጨት ማማሰያ ከሥር ቀስ እየተባለ እየተነሣ፣ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። አለመንካት ወደ ማረር፣ አብዝቶ መንካት ደግሞ ወደ ማድቀቅ ይወስዳል። ወተቱ የማማሰያውን ጀርባ እስኪያለብስ ድረስ ሲወፍር ስታርቹ ሥራውን መጀመሩ ታወቀ። ፓትራው በተፈነከተው ነጭ ሽንኩርት ይታሽና ቅቤ ይቀባል፤ ድንቹ ከነወተቱ ይገለበጥበታል። ውፍረቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ላዩ በማንኪያ ጀርባ ተስተካክሎ ፎርማጆው ይነሰነስበታል።

አሁን የቀረው እሳቱ ነው። በሠፈራችን ምድጃ ያለው ቤት እምብዛም አልነበረም፤ የዳቦ ቤቱ ምድጃ የሁላችንም ነበር። በዓል ሲደርስ የድፎ ሊጥ፣ በሌላው ቀን ደግሞ እንዲህ ያለው ፓትራ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደዚያ ይሄዳል። አከራዬ ግን ጠዋት አይልኩም። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ፣ እሳቱ ተጠርጎ፣ የምድጃው ግድግዳ የያዘውን ሙቀት ቀስ በቀስ በሚመልስበት ሰዓት ይልካሉ። ቴርሞሜትር አያውቁም፤ ጋጋሪው ጥቂት ዱቄት በምድጃው ወለል ላይ በትኖ ወዲያው ካልጠቆረ «አሁን ይግባ» ይላል። ይህ ሙቀት ወደ 180 ዲግሪ ይጠጋል ብዬ እገምታለሁ። በዚህ ዓይነት ሙቀት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይቆያል። መውጫው የሚታወቀው በላዩ መቅላት አይደለም፤ ቢላዋ በመካከሉ ሲሰካ እንደ ለጋ ቅቤ መግባት አለበት። ላዩ ቀድሞ ከቀላ በሌላ ፓትራ ይከደናል።

ዳቦ ቤት የራቀው ሰው በፈርኔሎ ይጋግራል። ከባድ ድስት በአነስተኛ ከሰል ላይ ይጣድና በብረት ክዳን ይከደናል፤ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረግበታል። ድፎ ዳቦ ጋግራ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት መምህር አያሻትም። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ ፍም መሆን አለበት፤ ወተት ከሥር ቶሎ ያርራልና። ነገር ግን ይህ ሥራ የሚሠራው በደጅ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ብቻ ነው። ከሰል ሲነድድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ጭሱ ስለ ጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ራስ ምታትና ድካም የተሰማው ሰው እሳቱን ትቶ ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ልዩ ልዩ ዳርቻ ሠፈሮች ተበተኑ። አከራዬ ይህን ሳያዩ ቀድመው ዐርፈዋል። ልጃቸው ግን ከተነሡት አንዷ ናት፤ ወደ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ገባች። ባለፈው የገና ሰሞን ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የእማማን ድንች ልሠራ ፈልጌ ነበር፤ ዳቦ ቤቱ የለም፣ እዚህ ከሰል ማቀጣጠል አይቻልም፣ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነው። በምን ልጋግረው?»

የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀቱን የሚሰጠው ከታች ብቻ ነው። እኔም ከላይ የሚመጣው ሙቀት ምን እንደሚሠራ አሰብሁ። ድንቹን የሚያበስለው እርሱ አይደለም፤ የወተቱ መፍላት ነው። የላዩ ሙቀት ሥራ ፎርማጆውን ማቅላት ብቻ ነው፤ ፎርማጆ ደግሞ የሚቀላው ውኃው ደርቆ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች በሁለት ዕቃ ሊሠሩ ይችላሉ። ድንቹን በወፍራም ድስት ከድና፣ ምድጃውን መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ አድርጋ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳትነካካ እንድታቆየው፤ ከዚያ አውርዳ ሩብ ሰዓት እንድታሳርፈው ነገርኋት። ትኩሱን የሚቆርስ ሰው ሾርባ ይወጣዋል፤ ስታርች እየበረደ ሲሄድ ነውና የሚጸናው። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ፎርማጆውን ቅባት በሌለበት መጥበሻ ላይ በስሱ በትና፣ ቀልጦ ዳሩ ቡናማ ሲሆን እንደ ቂጣ አንሥታ በድንቹ ላይ እንድታለብሰው አልኋት።

ማታ መልሳ ደወለች። ቅርፊቱ ከመጥበሻው ሲነሣ ለሁለት ተሰብሮባት ነበር፤ ገጣጥማ አስቀመጠችው። ልጆቿ የድስቱን ሥር በማንኪያ ሲፍቁ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። እናቷ ከእያንዳንዱ ፓትራ አንዱን ማዕዘን ቆርሰው ለጋጋሪው ይልኩ እንደ ነበር አስታወሰችኝና፣ «የጋጋሪው ድርሻ ለማን ይሁን?» አለችኝ። ለጎረቤቷ እንድትሰጥ ነገርኋት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የጎረቤቷን ስም እንኳ አታውቅም ነበር።